የንባብ ሥርዓትና የመምህሩ አፍ

ፊደላችን የቃሉን አካል ይጽፋል፤ የድምፁን መነሻና መውደቂያ ግን አይጽፍም። «ፍኖተ ሰላም» የሚለውን የከተማ ስም የሚያይ አንባቢ፣ «ፍኖት» ከ«ሰላም» ጋር ሲናበብ ሳድሱ «ት» ወደ ግዕዙ «ተ» መለወጡን በዓይኑ ይመለከታል። ጥምሩን ቃል በምን ዜማ እንደሚያነብ ግን ከጽሕፈቱ አያገኝም። በአማርኛም «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜ አለመድረሱን ያመለክታል፤ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው።

ይህን ጉድለት ለብዙ ዘመናት የሞላው ንባብ ቤት ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬና ሽንዲ፣ እንደ ጎጃም ሁሉ፣ የቤተ ክህነት ተማሪ ከግዕዝ ንባብ ተነሥቶ በውርድ ንባብ አልፎ ቁም ንባብ ሲደርስ ተነሽን፣ ወዳቂን፣ ሰያፍንና ተጣይን ለይቶ ያውቃል። የሚሳሳተውን ቃል መምህሩ በጆሮው ሰምቶ ያርመዋል።

ጀርመናዊው ዲልማን በ1857 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ታላቅ የግዕዝ ሰዋስው በይበልጥ በብራና መጻሕፍት ላይ የቆመ ነበር። የአገሩ ልጅ ሚትቮኅ ግን በ1926 እ.ኤ.አ. ባህላዊውን አነባበብ የሚመለከት ጥናት አሳተመ፤ የዚህም ዕውቀት ምንጭ የሊቃውንት አፍ እንጂ ብራና አይደለም።

እንግዲህ መጽሐፍ ቢጠፋ ከሌላ ቅጂ ይገለበጣል። ንባብ ቤት ሲዘጋ ግን የሚጠፋው በየትኛውም ቅጂ ያልተጻፈው ነው።