የግልና የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ስርዓተ ክወና አመራረጥ፦ ዊንዶውስ፣ ማክኦኤስ እና ሊኑክስ በንጽጽር

ስርዓተ ክወና የኮምፒዩተርን ክፍሎች የሚያስተባብርና ሌሎች ፕሮግራሞች በላዩ የሚሠሩበት መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በማብቃቱ፣ ይህን ስርዓት የሚጠቀሙ ግለሰቦችና ድርጅቶች ቀጣዩን አማራጭ መወሰን ይጠበቅባቸዋል። ድጋፍ ያበቃለት ኮምፒዩተር ሥራውን አያቆምም፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ የሚገኙ የደኅንነት ክፍተቶች ስለማይደፈኑ፣ በውስጡ የተቀመጡ የግብር፣ የባንክ እና የማንነት መረጃዎች ይበልጥ ለጥቃት ይጋለጣሉ።

ዊንዶውስ

በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ በስፋት የተለመደ ነው። ፒችትሪን የመሳሰሉ የሂሳብ ፕሮግራሞች የተዘጋጁት ለዊንዶውስ በመሆኑ፣ ሥራቸው በእነዚህ ላይ የተመሠረተ ድርጅቶች በቀላሉ ሊተዉት አይችሉም። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ እና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። በርካታ የቆዩ ኮምፒዩተሮች ፍጥነታቸው በቂ ሆኖ ሳለ ይህን መስፈርት አያሟሉም። የዊንዶውስ ፈቃድ በክፍያ የሚገኝ ነው። በክራክ የተከፈተ ቅጂ ሕገወጥ ከመሆኑም በላይ ከቫይረስ ጋር አብሮ ሊጫን ይችላል።

ማክኦኤስ

በአፕል ኮምፒዩተሮች ላይ ብቻ እንዲሠራ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለስርዓቱ የተለየ ክፍያ አይጠየቅም፤ ኮምፒዩተሩ ግን ከፍ ያለ ዋጋ አለው። ለኅትመት፣ ለምስልና ለድምፅ ቅንብር ይመረጣል። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ወደ ራሱ ፕሮሰሰር የተሸጋገረ በመሆኑ፣ ያገለገለ ማክ የሚገዛ ሰው በኢንቴል ፕሮሰሰር የሚሠራ አለመሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ማክኦኤስ 26 በኢንቴል የሚሠሩ ማኮችን የሚቀበል የመጨረሻው ዋና እትም መሆኑን ኩባንያው አስታውቋል።

ሊኑክስ

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው፣ ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ስርዓት ነው። ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት በነፃ የሚገኙ እትሞቹ ናቸው። የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ድጋፍ እትም በየሁለት ዓመቱ የሚወጣ ሲሆን፣ ለ5 ዓመታት መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ኮምፒዩተር 4 ጊጋባይት ራም ካለው ሊኑክስ ሚንትን ለመጫን ይበቃል። ለኢንተርኔት፣ ለደብዳቤና ለሠንጠረዥ ሥራ የሚያስፈልጉ ፕሮግራሞች አሉት። በዎርድ የተዘጋጁ ሰነዶችን ሊብሬኦፊስ ይከፍታቸዋል፤ ይሁንና የገጽ አቀማመጣቸው አልፎ አልፎ ሊዛባ ይችላል።

የአማርኛ ጽሑፍ

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተ በመሆኑ ሦስቱም ስርዓቶች አማርኛን ያሳያሉ። ችግር የሚፈጥሩት ከዩኒኮድ ውጭ በሆኑ የቀድሞ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ናቸው። እነዚህ ሰነዶች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ውልን፣ ቃለ ጉባኤንና የሠራተኛ ማኅደርን የመሳሰሉ ሰነዶች ስርዓቱ ከመቀየሩ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ ሊለወጡ ይገባል።

ከመወሰን በፊት ሊከናወኑ የሚገባቸው ተግባራት

1. ለዕለት ሥራ የግድ የሚያስፈልጉ ፕሮግራሞችን መዘርዘርና በአዲሱ ስርዓት መሥራታቸውን ማጣራት፤
2. ማተሚያና ስካነር በአዲሱ ስርዓት መሥራታቸውን መፈተሽ፤ ሊኑክስን ሳይጭኑ ከፍላሽ በማስነሳት መሞከር ይቻላል፤
3. ስርዓተ ክወና ሲቀየር በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ስለሚችል፣ የሰነዶችን ቅጂ በሌላ ዲስክ አስቀምጦ መከፈታቸውን ማረጋገጥ፤
4. በመሥሪያ ቤት ለውጡን በአንድ ወይም በሁለት ኮምፒዩተሮች ጀምሮ፣ ሠራተኞች ከተለማመዱ በኋላ ማስፋት።

በአጠቃላይ፣ ለሁሉም ተጠቃሚ የሚበጅ አንድ ስርዓት የለም። ከዊንዶውስ ውጭ የማይሠራ ፕሮግራም ያለው ድርጅት ሕጋዊ ዊንዶውስ 11፣ የቆየ ኮምፒዩተርና አነስተኛ በጀት ያለው ተጠቃሚ ሊኑክስ፣ በኅትመትና በምስል ሥራ የተሰማራ ደግሞ እንደ አቅሙ ማክኦኤስ ሊመርጥ ይችላል። የትኛውም ቢመረጥ የደኅንነት ማሻሻያ የሚደርሰው መሆኑ ሊረጋገጥ ይገባል።