የዊኪ ግቢ

እንግሊዝኛው «ዊኪ ፋርም» ይለዋል። ቃል በቃል ቢመለስ «የዊኪ እርሻ» ነው፤ በሁምቦ ወረዳ በተበላ ከተማ «እርሻ» ቢሉ ግን ሰሚው የሚያስበው በቆሎና ስኳር ድንች ነው። እኔ «የዊኪ ግቢ» እለዋለሁ።

ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የውጭው በር አንድ፣ የውኃ ቆጣሪው አንድ፣ የመብራቱም አንድ፤ ውስጥ ግን አምስት ስድስት ክፍል ተደርድሯል። እያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ መጋረጃ፣ የራሱ ጭቅጭቅ አለው።

ዊኪ አንባቢው ራሱ ገብቶ የሚያርመው ድረ ገጽ ነው። ዋርድ ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀምረው ስሙን የወሰደው ከሆኖሉሉ አየር ማረፊያ አውቶቡስ ነው፤ በሃዋይኛ «ፈጣን» ማለት ነው።

ብዙ ዊኪዎች አንድ ሶፍትዌር ሲጋሩ ግቢ ይሆናሉ፤ የታወቀው ምሳሌ ከ300 በላይ ቋንቋ ያሰፈረው ዊኪፒዲያ ነው። ሚዲያዊኪ የተባለው ሶፍትዌር ለሁሉም አንድ ነው። አድራሻ ሲጻፍ ሰርቨሩ ከመጀመሪያዋ ነጥብ በፊት ያሉትን ፊደላት ያያል፤ «ኤኤም» ከሆኑ የአማርኛውን ዳታቤዝ፣ «ቲአይ» ከሆኑ የትግርኛውን ይከፍታል። ሶፍትዌሩ ሲታደስ ለሁሉም ይታደሳል። የትኛው ጽሑፍ ይሰረዝ የሚለው ግን የየቤቱ ጉዳይ ነው፤ አማርኛው የሰረዘው ትግርኛውን አይመለከተውም። የአፋርኛው ክፍል ተቆልፏል፤ ጎረቤቶቹ ግን መጻፋቸውን አላቆሙም።

ሁምቦ ይህን አሠራር በደን ያውቀዋል። ተበላ ዋና ከተማዋ በሆነችው ወረዳ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት ሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተካፍለው ይጠብቁታል፤ ለካርቦን ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመዘገበው ግን እንደ አንድ ፕሮጀክት ነው።

አዲስ ቋንቋ ግቢው ውስጥ ወዲያው ክፍል አይሰጠውም። መጀመሪያ «ኢንኩቤተር» ይገባል፤ ችግኝ ጣቢያ ብንለው ያስኬዳል። እሱ ግቢ ሳይሆን በመጋረጃ የተከፋፈለ አንድ አዳራሽ ነው። ስለ ተበላ በወላይትኛ እዚያ የሚጻፍ ገጽ ርዕሱ «ተበላ» ብቻ አይሆንም፤ ከፊቱ የቋንቋው ኮድ «ደብሊውኤኤል» ይለጠፍበታል። መጋረጃው ያ ኮድ ነው።

አከራይ ሁሉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተውና ዛሬ ፋንደም የሚባለው ግቢ ኪራይ አይጠይቅም፤ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል። ጽሑፉ በነጻ ፈቃድ የተለቀቀ ስለሆነ የመረረው ተከራይ ገልብጦ ሌላ ቦታ መውጣት ይችላል። አሮጌው ክፍል ግን ከነዕቃው እዚያው ይቀራል፤ ጎግል ላይ የሚፈልገውም እንግዳ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያንኳኳው ያንኑ በር ነው።