አፈ ሰባራው ገንቦ

አያቴ ጎጃም በሣር ቤቷ ከመደቡ ሥር የምታኖረው አፈ ሰባራ ገንቦ ነበራት። ውኃ አይቀዳበትም፣ ጠላ አይጠመቅበትም፤ ጭድ ተጎዝጉዞ ዶሮ የሚታቀፍበት ነው።

አንዷ ዶሮ ላባዋን ነፍታ ከገንቦው አልወጣም ስትል፣ እጅ ሲቀርባት መንቆር ስትጀምር፣ አያቴ መጀመሪያ የምታስበው ወሩን ነበር። ክረምት ከሆነ እሺ አትልም፤ ብርድና እርጥበት ጫጩት ይፈጃል። መታቀፉን እስክትረሳ ዶሮዋን ጎረቤት ቤት ትሰዳታለች፤ እምቢ ካለች ውኃ ትነክራታለች። ጥቅምት አልፎ አውድማው እህል ሲረጭ ግን እንቁላል መምረጥ ይጀመራል፤ 12 ወይም 13። ሾጣጣው ወንድ፣ ድቡልቡሉ ሴት ይወጣዋል ትል ነበር። (አይወጣውም፤ ቆጥሬ አይቻለሁ።) ነጎድጓድ እንዳያበላሸው ደግሞ ከጭዱ ሥር ምስማር ትሸጉጣለች። በ21ኛው ቀን ከመደቡ ሥር ጭው ጭው ሲሰማ እኛ ልጆች ከጭልፊትና ከሸለምጥማጥ ዘበኛ እንሆናለን።

ዶሮ የመጣችው ከሩቅ ነው። የዱር ዘመዶቿ ዛሬም በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ አሉ። ትግራይ ውስጥ መዝብር በተባለ ጥንታዊ መንደር በቁፋሮ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከአክሱም መንግሥት የሚቀድሙ፣ በአፍሪካ ምድር ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ናቸው። ግብፆች በጭቃ ምድጃ እንቁላል በሺህ መፈልፈል ሲለምዱ፣ የእኛ እናቶች በዶሮዋ ደረት እንደተማመኑ ቆዩ።

በ1940ዎቹ በጅማና በአለማያ የተከፈቱት የግብርና ትምህርት ቤቶች የፈረንጅ ዶሮ አስገቡ። ነጯ ሌግሆርን በደህና ቀለብ በዓመት ከ200 በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ የሐበሻዋ ከ40 እስከ 60። የሐበሻዋ ስንፍና አይደለም። ስትታቀፍ መጣል ታቆማለች፣ ጫጩቶቿን ስታሳድግም እንዲሁ ወራት ያልፋል። ሌግሆርንን ያረቡ ሰዎች የማይታቀፉትን እየመረጡ ይህን ጠባይ ከደሟ አውጥተውታል።

እኔም አድጌ የእርባታ ሠራተኛ ሆንኩና ነጫጭ ቄቦች በየቀበሌው አደልኩ። አንዲት እናት ቄቧን አገላብጠው አይተው፣

«ልጄ፣ ይቺ ትታቀፋለች?» አሉኝ።

«አትታቀፍም እማማ፤ እንቁላል ነው የምትጥለው።»

«እና ስታረጅ ማን ይተካታል?»

ከከተማ ሌላ ይገዛሉ አልኳቸው። መኪና በሌለበት፣ ከተማው የአንድ ቀን መንገድ በሆነበት ቀበሌ! ዛሬም ያሳፍረኛል።

በዓመቱ ስመለስ ፈንግል መንደሩን መትቶት ነበር። ነጮቹ አልቀዋል፤ ከሐበሾቹም የተረፉት ጥቂት ናቸው። እማማ ግን በሽታው ሳይደርስ የነጮቹን እንቁላል ለአንዲት ገብስማ አስታቅፈው ኖሯል። ሲፈለፈሉ ስምንት ነበሩ አሉኝ። ከበሽታው አምልጠው ጓሮ ሲጭሩ ያገኘኋቸው ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ነጭ። ገብስማዋ ያን ቀን እንደገና ገንቦ ውስጥ ነበረች፤ እጄን ሳስገባ ነቆረችኝ።

እናንተም ለጓሮ አምስት ስድስት ዶሮ ከያዛችሁ፣ አንዷ ሐበሻ ትሁን።