ሽለላ በሳክስፎን፦ ከኮልፌ የሸክላ ሣጥን የተመዘዘ ታሪክ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮልፌ ፀጥታ አያውቅም። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ የታክሲ ረዳቶች «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያሉ ይጣራሉ፤ ገበያተኛው ከነዘንቢሉ ይጋፋል። እኔ በዚያ ሰዓት መስኮቴን ገርበብ አድርጌ ከአልጋ ሥር አንድ ሣጥን እጎትታለሁ። ውስጡ የሙዚቃ ሸክላዎች አሉ፤ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሸክላ ተኝቶ ሲነባበር ከሥር ያለው ይጎብጣል። ሙቀት ደግሞ የባሰ ጠላቱ ነው። መሰብሰብ በጀመርኩበት ዓመት አንዲቱን መስኮት ሥር ረስቼ ወጣሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል በግንቦት ፀሐይ ምን እንደሚሆን የኮልፌ ሰው ያውቀዋል። ማታ ስመለስ ዳርዳሯ እንደ ደረቀ እንጀራ ተቆልምሞ ጠበቀችኝ። እስካሁን አልጣልኳትም፤ የሰው ድምፅ ያለበትን ነገር መጣል አልሆነልኝም።

ዛሬ ያወጣሁት የጌታቸው መኩሪያን ነው። በለስላሳ ጨርቅ ክሩን ተከትዬ በክብ እጠርገውና መርፌውን አሳርፋለሁ። ቀድሞ የሚሰማው ቆሎ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ የሚመስል ድምፅ ነው። ከዚያ ሳክስፎኑ ይገባል። መግቢያ፣ ማለሳለሻ የሚባል ነገር የለውም፤ በቀጥታ ያቅራራል። ትንፋሹ ይረዝማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጫፉ ላይ ይሰበራል። ወዲያው ደግሞ በአጫጭር ምት ይንደቀደቃል፤ ዘሩን እየቆጠረ፣ የጣለውን እየጠራ፣ መሬት እየረገጠ እንደሚፎክር ሰው። ሠርግ ላይ ወይም ለቅሶ ላይ ፎካሪ ሰምቶ ለሚያውቅ ይህ ድምፅ እንግዳ አይሆንበትም። የቀረው ቃሉ ብቻ ነው፤ እሱም የቀረ አይመስልም።

ጌታቸው በ1927 ዓ.ም. ይፋት ውስጥ ተወለዱ። አዲስ አበባ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ ገቡ፤ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲከፈት የኦርኬስትራው አባል ሆኑ። ሽለላን በሳክስፎን የሚጫወቱ ሰው ተብለው ስማቸው የገነነው በወጣትነታቸው ነው። መድረክ ላይ ሲወጡ እንደ ጥንቱ ጀግና ጎፈር ይደፉ ነበር። የውጭ ተቺዎች ይህን አጨዋወት ሲሰሙ ኦርኔት ኮልማንንና አልበርት አይለርን ያነሳሉ፤ አሜሪካ ውስጥ «ፍሪ ጃዝ» የተባለውን ልቅ አጨዋወት ያመጡ ሰዎች ናቸው። መመሳሰሉ እውነት ነው። ነገር ግን ጌታቸው ከእነሱ የቀዱት ነገር አልነበረም፤ ምንጫቸው ፎካሪው ነው። እኔን ሸክላ ለቃሚ ያደረገኝም ይኸው ነው። ጃዝ የምንለው ነገር እኛ አገር በሁለት በር እንደገባ፣ አንዱ በርም ከራሳችን ግቢ እንደሚከፈት በጆሮዬ የሰማሁት ከዚህች ሸክላ ነው።

በ1957 ዓ.ም. ገደማ ጌታቸው የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራን ተቀላቀሉ። ፖሊስ ሲባል የሰፈራችን ስም አብሮ ይነሳል። ፈጥኖ ደራሹ የፖሊስ ጦር ኮልፌ ነበር የሚኖረው፤ በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ መጥተው ተኩስና ፈንጂ የተማሩትም እዚሁ ነው። ስድስት ወር ሊቆዩ ታስቦ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ እንደተመለሱም ተያዙ። ይህን የኮልፌ ልጅ ሁሉ ይናገረዋል። በዚያው ዘመን የዚያው ሠራዊት ባልደረቦች ትራምፔትና ሳክስፎን ይዘው የከተማዋን ምሽት እንደሚያደምቁ ግን ብዙ ሰው አያነሳም። ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴም ከዚያ ኦርኬስትራ የወጡ ናቸው።

ያኔ ዘመናዊ ሙዚቃ የደንብ ልብስ ነበረው። የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦር፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ቴአትር ቤት፤ ተጫዋቹ የአንዱ ደመወዝተኛ ነበር። ሳክስፎኑ የመንግሥት ንብረት፣ ልምምዱ የሥራ ሰዓት፣ ማርሹም ጃዙም በአንድ ሰው አፍ የሚነፋ። የዚህ ሥርዓት ጅማሬ ወደ 1916 ዓ.ም. ይመልሰናል፤ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከነነሐስ መሣሪያቸው አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» ተባሉ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። በኋላ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ከማዘጋጃ ቤቱ ባንድ እስከ ቴአትር ቤቱ ድረስ አንድ ትውልድ ሙሉ ተጫዋች አሠለጠኑ። ለብዙ መሣሪያ የሚሆን ቅንብር በኖታ እየጻፉ የአገሩን ዜማ ከነሐሱ ጋር ያስታረቁ ሰው ናቸው፤ ሲያንስ አንድ መንገድ በስማቸው ሊጠራ ይገባ ነበር እላለሁ።

ሸክላውስ? የኢትዮጵያዊ ድምፅ በሸክላ የተቀረጸው ብዙዎች ከሚያስቡት ቀድሞ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሄደው ዘፈናቸውን አስቀርጸዋል። ከዚያ ወዲህ ግን መንገዱ ጠበበ። በንጉሡ ዘመን በወጣ ትዕዛዝ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ፤ ማኅበሩ ደግሞ ያወጣው እምብዛም አልነበረም። ተጫዋቹ በዛ፣ ጭፈራ ቤቱ በዛ፣ ሸክላ ግን የለም። በ1961 ዓ.ም. አምሐ እሸቴ የሚባሉ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው ወጣት ትዕዛዙን እያወቁ ደፈሩት። ዓለማየሁ እሸቴን አስቀረጹና መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላ ቤይሩት ድረስ እየላኩ አሳተሙ። ማንም አላሰራቸውም። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ፊሊፕስም፣ የዓሊ ታንጎው ካይፋ ሪከርድስም ተከተሉ። አምሐ ሪከርድስ በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ 103 ባለ 45 ዙር ሸክላና 12 አልበም አወጣ። (ተሰማ እሸቴ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፣ አምሐ እሸቴ፤ የአባታቸው ስም ተገጣጠመ እንጂ ወንድማማቾች አይደሉም። አምሐና ዓለማየሁ ያረፉት ግን በአንድ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም. ነው።)

የጃዛችንን ሁለተኛ በር የከፈቱት ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። በ1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ፤ መሐንዲስ እንዲሆኑ ታስቦ ወደ ዌልስ ተላኩ፤ እዚያ ሙዚቃ አገኛቸው። ለንደን ትሪኒቲ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ ገቡ፤ በርክሊን የረገጡ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እንደነበሩ ይነገራል። የገጠማቸው ጥያቄ ለማውራት ቀላል፣ ለመሥራት ከባድ ነው። ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፅ ይቆማሉ፤ ጃዝ አሥራ ሁለቱንም ይፈልጋል። የፈረንጁን ኅብረ ድምፅ እንዳለ ብታፈስበት አንቺሆዬው አንቺሆዬ መሆኑ ይቀራል፤ ወጥ ላይ ውኃ እንደማብዛት ነው። ሙላቱ ዜማውን ለቅኝቱ ትተው ከሥሩ የሚሄደውን ብቻ በጥንቃቄ አሰፉት፤ የላቲኑን ምት ጨመሩበት፤ ቫይብራፎኑን አናት ላይ አስቀመጡት። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ያወጧቸው ሁለት አልበሞች ገና ወደ ላቲኑ ያደላሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 እዚያው ያሳተሙትን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ስትሰማ ግን ሰውየው የፈለጉትን አግኝተዋል። እሳቸው ከዚህም ያልፋሉ፤ የደራሼ ሰዎች በቀርከሃ ዋሽንታቸው የሚነፉት ቅኝት የዘመኑ ጃዝ ሊቃውንት ከተጠቀሙበት ስኬል ጋር አንድ እንደሆነ፣ ደራሼዎቹም እንደቀደሙ ደጋግመው ይናገራሉ።

በ1966 ዓ.ም. አሜሪካዊው የጃዝ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራቸው አዲስ አበባ መጡ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ጉዞ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሜዳሊያ ሸለሟቸው፤ ሙላቱ አብረዋቸው ሆኑ፤ የራሳቸውን ቅንብርም ለታላቁ ኦርኬስትራ ሰጡ። ከዚያ ወቅት የቀረውን የሁለቱን ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ኤሊንግተን በጥቂት ወራት ውስጥ አረፉ። ሌላ ጥቂት ወራት ቆይቶ የሸለማቸው ዘውድ ወረደ። የሙላቱ «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» በአምሐ አሳታሚነት የወጣው በዚያው ሰሞን ነው፤ ስሙ አብዮቱ የፈነዳበትን ወር ይዞ ቀረ። አምሐ አገር ጥለው ወጡ፤ የተመለሱት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ቀሪውን የኔ ትውልድ ወላጆች ይነግሩናል። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ምሽት የሌለው ከተማ ደግሞ ጃዝ አይኖረውም። ሂልተን የሚጫወተው ዋሊያስ ባንድ ግን መላ ነበረው፤ ታዳሚው ሰዓት እላፊ ከገባ በኋላ መውጣት ስለማይችል ባንዱ ሲጫወት ያድራል፣ ሰውም ሲጨፍር ያነጋል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ የሸክላ ዘመን አበቃ፤ ካሴት ተረከበ። ካሴት ርካሽ ነው፣ ይገለበጣል፣ ይባዛል፤ ሸክላው ወደ ቁም ሣጥን አናት፣ ወደ አልጋ ሥር ወረደ። ብዙው እዚያው አቧራ ለብሶ ቆየ፤ ጥቂት የማይባለውም ተሰበረ፣ ተጣለ።

የሚቀጥለውን ክፍል ሳስበው ደስታና ቁጭት እኩል ይመጡብኛል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የድምፃዊ ማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምተው እዚህ ድረስ መጡ፤ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማሳተም ጀመሩ። አራተኛው የሙላቱ፣ አሥራ አራተኛው የጌታቸው ነው። በ1997 ዓ.ም. ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ የሙላቱን ሥራዎች አስገባ፤ ዓለም ሰማ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ገበያ ላይ የኃይሉ መርጊያን ካሴት አገኘ። የዋሊያሱ ኃይሉ ያኔ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ተራ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመና እኒያ ሰው ወደ መድረክ ተመለሱ። አንድ የተረሳ ካሴት የሰው ሕይወት አዙሯል። ቁጭቱ ደግሞ ይኸውላችሁ፤ የዚያ ዘመን የመጀመሪያ ኅትመት ሸክላዎች ውጭ አገር አንዳንዳቸው በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣሉ፣ እዚህ ግን ጥሩውን ማግኘት እየከበደ ነው።

መርካቶ ለኛ ጎረቤት ስለሆነ እኔ የምፈልገው እዚያ ነው። ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ከአሮጌ ሬዲዮና ከሽቦ መሀል ሸክላ ይገኛል። ሳልገዛ በፊት ወደ ብርሃን አዘንብዬ አያለሁ። ጥፍር የማይነካው ስስ ጭረት አያስፈራም፤ ድምፁ ቆሎ ይቆላል እንጂ አይዘልም። ጣት ሲያልፍበት የሚያደናቅፍ ጭረት ካለው ዘፈኑ እዚያ ቦታ ላይ ይደናቀፋል። መርፌው እንዳይዘል ራሱ ላይ ሳንቲም የሚያስቀምጡ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት፣ ክሩን ይበላዋል። ከሁሉ የምፈልገው ግን በባለቤቱ እጅ የተጻፈበትን ነው። በእስክሪብቶ የተጻፈ የቤተሰብ ስም፣ የስጦታ ቀን፣ «እንዳትሰጪ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያለበት አለኝ። ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ እንዳዘዘው ግን ለማንም አልሰጥም።

በሕይወት ያለውን ጃዝ ለመስማት ከኮልፌ መውረድ ግድ ነው። አንድ ሰሞን መድረሻዬ ፒያሳ ነበር። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ ጃዝአምባ ነበረ፤ ግሩም መዝሙርና ጓደኞቹ የድሮዎቹን ቅንብሮች በአኮርዲዮንና በጊታር ነፍስ የዘሩባቸው ቤት። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ሲቃጠል ጃዝአምባም አብሮ ነደደ። ካዛንቺስ የመላኩ በላይ ፈንድቃ ነበር፤ አዝማሪና ሳክስፎን በአንድ ጠባብ ክፍል ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው የሚያመሹበት። ሠፈሩ ሲፈርስ እሱም ፈረሰ። ቤት ሲጠፋ ተጫዋቹ አይጠፋም፤ የሳሙኤል ይርጋን ፒያኖ፣ የጆርጋ መስፍንን ሳክስፎን የሰማ ሰው ይህን ያውቃል። ግን ሙዚቀኛ በየሳምንቱ አንድ ቦታ ካልተጫወተ ወጣቱ ቆሞ የሚማርበት ግድግዳ ያጣል። ጌታቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው፤ ደመወዝ ነበራቸው፤ በየዕለቱ ልምምድ ነበራቸው። ያ ባይኖር ሽለላው ሳክስፎን ውስጥ አይገባም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሸክላው ገና ግማሽ ሳይደርስ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፖሊስ ባልደረባ። ጮኸብኝ ሊሉ የመጡ መስሎኝ ድምፁን ልቀንስ ተነሳሁ።

«ተወው፣ ተወው። ጌታቸው ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። በሩ ላይ በከዘራቸው ተደግፈው ሰሙ። ሳክስፎኑ ከፍ ብሎ ማቅራራት ሲጀምር ከዘራውን ከግድግዳው አስጠጉና ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ትከሻቸው ወደ ኋላ ሄደ። ሸክላው አልቆ መርፌው መሐል ላይ ሲንሿሿ ትንሽ ዝም አሉ።

«በዚያኛው ወገንስ ምን አለ?» አሉኝ።

ገለበጥኩት።