ትራኮማ፦ ከግብፅ ጥቅልል እስከ ጎጃም ቀበሌዎች

ከክርስቶስ ልደት 1550 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በግብፅ የተጻፈ፣ ዛሬ የኤበርስ ፓፒረስ ተብሎ የሚጠራ የሕክምና ጥቅልል አለ። በውስጡ ካሉት ብዙ የዓይን መድኃኒቶች አንዱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይንን ለሚወጋ ሽፋሽፍት የታዘዘ ነው። ፀጉሩ ይነቀል፤ ዳግም እንዳይበቅልም ከርቤ፣ የእንሽላሊት ደምና የሌሊት ወፍ ደም ተደባልቆ ይቀባ ይላል። የእንሽላሊቱ ደም ለማንም እንዳልፈየደ ለመገመት አይከብድም። ነቀላው ግን እስከ ዛሬ አለ። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ገጠሮች ወረንጦ ከእጃቸው የማይለይ እናቶች አሁንም ብዙ ናቸው። አንዷ የጎረቤቷን ሽፋሽፍት ትነቅላለች፤ በሳምንቱ ደግሞ ተራው የእሷ ይሆናል። ከዚያ ጥቅልል ወዲህ 3500 ዓመት አልፏል፤ ሕመሙም የመጀመሪያው ማስታገሻም ወደ እኛ የደረሱት ብዙም ሳይለወጡ ነው።

ትራኮማን የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። መኖሪያው በዋነኛነት የትንንሽ ልጆች ዓይን ነው። ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው የሚሻገረው በጣት፣ ፊት በሚጠረግበት የነጠላ ወይም የቀሚስ ጫፍ፣ አብረው በሚተኙበት መደብ፣ ዓይናር ፍለጋ በምታንዣብብ ዝንብም ነው። አንድ ጊዜ መያዝ ብቻውን ብዙ አይጎዳም፤ ራሱ ይድናል። ክፋቱ መደጋገሙ ላይ ነው። ልጅነቱን ሙሉ ደጋግሞ የተያዘ ሰው የላይኛው የዓይን ቆቡ ውስጠኛ ገጽ ይጠባሰላል። ጠባሳው በዓመታት ውስጥ እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የዓይን ርግብግብታ ብሌኑን በፀጉር መፋቅ ይሆናል። በአምስት ዓመት የተጀመረው በአርባና በሃምሳ ዓመት ዓይን ያጠፋል። ሽፋሽፍታቸው ከሚቀለበስባቸው ሰዎች ሴቶቹ ከወንዶቹ በእጥፍ ገደማ ይበልጣሉ፤ ልጅ አቅፈው፣ ልጅ አስተኝተው፣ የልጅ ፊት ጠርገው የሚውሉት እነሱ ናቸውና።

አውሮፓ ይህን በሽታ አጥብቃ ያሰበችበት ጊዜ በጦርነት መጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1798 ናፖሊዮን ግብፅን ሲወርር የፈረንሳይ፣ ቀጥሎም የእንግሊዝ ወታደሮች በብዛት ዓይናቸውን ታመሙ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሕመሙን ይዘውት ገቡ፤ በየጦር ሰፈሩም ተዛመተ። ያ የዓይን ወረርሽኝ አንድ ዓይነት ሕመም ብቻ ሳይሆን የብዙ ሕመሞች ድብልቅ ሳይሆን አልቀረም፤ ትራኮማ ግን ዋናው ነበር። ዛሬ ሙርፊልድስ በሚባል ስም ዓለም የሚያውቀው የለንደን የዓይን ሆስፒታል በ1805 ሲቋቋም ከግብፅ የተመለሰው ሕመም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። የዘመኑ ሐኪሞች ተከራከሩ። ገሚሱ የበረሃውን አሸዋና ፀሐይ፣ የሌሊቱንም ጠል ተጠያቂ አደረገ። ጆን ቬች የተባለ የጦር ሐኪም ግን ከታመመ ዓይን የሚወጣው ፈሳሽ ጤነኛ ዓይን ሲነካ ሕመሙ እንደሚተላለፍ አጥብቆ ተከራከረ። ባክቴሪያ የሚባል ነገር ሳይታወቅ በፊት ትክክለኛውን መንገድ አይቷል፦ ወታደሮቹ በአንድ ሳፋ ይታጠባሉ፣ በአንድ ፎጣ ይጠራረጋሉ። መፍትሔውም ከዚያው የሚመነጭ ነበር፤ የታመመውን መለየት፣ ውኃውንና ፎጣውን መለየት። ለጦር ሰፈር የተገኘው ይህ ዕውቀት ወደ ድሆች መንደር ሳይደርስ ብዙ ዘመን አለፈ።

ስሙንም ልብ እንበል፤ አውሮፓ ሕመሙን የግብፅ ዓይን በሽታ አለችው። ተላላፊ በሽታን ከውጭ እንደገባ እንግዳ መቁጠር የየዘመኑ ጠባይ ነው። በ1897 አሜሪካ ትራኮማን አደገኛ ተላላፊ በሽታ ብላ መደበችው፤ በኒውዮርክ በር በምትገኘው ኤሊስ ደሴት የሚወርዱ ስደተኞች የዓይን ቆባቸው፣ ብዙ ጊዜም የጫማ ቁልፍ በሚጎተትበት መንጠቆ፣ እየተገለበጠ ተመረመረ። የተገኘበት በመጣበት መርከብ ተመለሰ። ቀሪው ቤተሰብ እንዲገባ ተፈቅዶለት እናት ወይም ልጅ ብቻዋን ተመልሳ ባሕሩን ያቋረጠችበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያው ዘመን ግን በኬንታኪ ተራሮች ለትውልድ የኖሩ ድሃ ገበሬዎች በትራኮማ ይታወሩ ነበር፤ መንግሥት ነገሩን አጣርቶ ከ1913 ጀምሮ በዚያ ልዩ ሆስፒታሎች ከፈተላቸው። በሽታው በሩ ላይ ሲፈተሽ ጓዳ ውስጥም ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ይበልጥ የሚያስገርመኝ ነው። ከምዕራብ አውሮፓ ከተሞችና ከአብዛኛው አሜሪካ ትራኮማ ጠፋ፤ አብዛኛው ቅነሳ የመጣውም ፍቱን መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ነው። ያጠፋው አንድ ዘመቻ አልነበረም። የቧንቧ ውኃ ቤት ድረስ ገባ፤ ሳሙና ረከሰ፤ በአንድ አልጋ የሚተኙ ልጆች ቁጥር አነሰ፤ መኪና ፈረስን ሲተካ ፋንድያውም ዝንቡም ከጎዳናው ቀነሱ፤ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው ፊታቸውን በሚያይ መምህር ፊት ተቀመጡ። ሁሉም በአንድነትና ቀስ ብሎ ስለመጣ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ መለየት አስቸጋሪ ነው። ያን ጊዜ የለካ አልነበረም። የበለጸጉት አገሮች በሽታውን ተገላገሉ እንጂ እንዴት እንደተገላገሉት የሚያሳይ መዝገብ አላቆዩልንም። እኛ ዛሬ በገዛ ቀበሌዎቻችን የምንከፍለው የምርምር ዋጋ በከፊል የዚያ ዘመን ቸልታ ውርስ ነው።

ጀርሙን ራሱን ማግኘትም ጊዜ ወስዷል። በ1907 ሃልበርስቴተርና ፕሮቫዜክ የተባሉ ተመራማሪዎች በጃቫ ደሴት በታመሙ ዓይኖች ሴሎች ውስጥ እንግዳ ነጠብጣቦች አዩ። ባክቴሪያው የሚራባው በሌላ ሕያው ሴል ውስጥ ብቻ ስለሆነ ግን እንደ ሌሎቹ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አልበቅል አለ፤ ለአሠርት ዓመታትም ቫይረስ ነው ተባለ። በዕንቁላል አስኳል ከረጢት አሳድጎ የለየው በቤጂንግ የሚሠራው ታንግ ፌይፋን ነው፤ ውጤቱን በ1957 አሳተመ። ጥርጣሬ እንዳይቀር ጀርሙን በገዛ ዓይኑ ጨመረ፤ ሕመሙ በግልጽ እስኪታይም ሕክምና አልወሰደም። በ1958 በአገሩ በተነሣ የፖለቲካ ዘመቻ ሲወገዝና ሲዋረድ ራሱን አጠፋ። በየቀበሌው ክኒን ሲታደል ይህን ሰው የሚያስታውሰው ስንቱ ይሆን?

ክኒኑ ከመምጣቱ በፊት የቴትራሳይክሊን ቅባት ነበር። ቅባቱ በቀን ሁለቴ ለስድስት ሳምንት ዓይን ውስጥ መደረግ አለበት፤ ያቃጥላል፣ እይታ ያደበዝዛል። አራት ልጆች ያሏት እናት ያን ሁሉ ቀን ሳታቋርጥ ትቀባለች ብሎ ያሰበው የገጠር ቤት አያውቅም። በአንድ ጊዜ የሚዋጠው አዚትሮማይሲን ነገሩን ለወጠው። ከ1998 ጀምሮ አምራቹ ፋይዘር መድኃኒቱን በነፃ ይሰጥ ጀመር። የዓለም ጤና ድርጅትም አራት ነገሮችን አንድ ላይ አስተሳስሮ አቀረበ፦ ለተቀለበሰ ቆብ ቀዶ ሕክምና፣ ለማኅበረሰቡ ሁሉ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና፣ የአካባቢ ንጽሕና። ዓለምን ከትራኮማ የማላቀቂያው ዓመት 2020 ተባለ።

በ2006 በአገራችን የተደረገው ብሔራዊ የዓይን ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳየ። በአማራ ክልል ቁጥሩ 62.6 በመቶ ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር በምድር ላይ በጥቂት ስፍራ ብቻ ይገኛል። ከ2008 ጀምሮ በክልሉ ወባንና ትራኮማን ያጣመረ የሳምንት ዘመቻ በየጊዜው ተካሄደ። ሰው ከእርሻው፣ ከገበያው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ተጠርቶ ተሰለፈ፤ ሚዛን በሌለበት መጠኑ የሚወሰነው በቁመት ስለሆነ ምልክት የተደረገበት ዘንግ ከልጁ ጎን ቆመ፤ ክኒኑ እዚያው ተዋጠ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የመንደር በጎ ፈቃደኞች የሠሩት ይህ ሥራ በስፋቱ ቢመዘን በታሪካችን ከተደረጉ ታላላቅ የሕዝብ ጤና ሥራዎች ተርታ የሚገባ ነው፤ ዝናው ግን የዚያን ያህል አይደለም።

ያንኑ ያህል ያልተነገረለት፣ ዓለም ስለ ትራኮማ ባክቴሪያ መዛመት ካወቀው ብዙውን የተማረው ከዚሁ አፈር መሆኑ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መንደሮች በዕጣ ተመድበው በተደረገው ጥናት፣ ሕፃናት ብቻ በየሦስት ወሩ በታከሙበት ቦታ መድኃኒቱን ያልዋጡት ታላላቆችም ከጀርሙ ነፃ እየሆኑ ሄዱ። የበሽታው ምንጭ ሕፃናት ናቸው የሚለው ሐሳብ በዚህ ተረጋገጠ። ከዚሁ ሥራ በወጣ በ2009 በታተመ ውጤት፣ በታከሙት መንደሮች የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ካልታከሙት በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለዓይን የተሰጠው ክኒን ሌላም ሕመም እየመከተ ነበር ማለት ነው። ነገሩ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች በሰፊው ተፈተሸ፤ በ2018 ከኒጀር፣ ከማላዊና ከታንዛኒያ የወጣው ውጤት ቅነሳው 13.5 በመቶ መሆኑን አሳየ። ከጎጃሙ ያነሰ ቢሆንም እውነተኛ ነው።

ሌላው ውጤት ግን አላስደሰተም። የሳንባ ምች አምጪ የሆነውና በሕፃናት አፍንጫ ውስጥ የሚኖረው ኒሞኮከስ፣ በየሦስት ወሩ በታከሙት መንደሮች በአንድ ዓመት ውስጥ መድኃኒቱን የለመደው ወደ 47 በመቶ ደረሰ፤ ባልታከሙት 9 በመቶ ገደማ ነበር። የትራኮማው ባክቴሪያ ራሱ እስካሁን መድኃኒቱን አልለመደም፤ ጎረቤቱ ግን ለመደ። በጉራጌ በተደረገ ሌላ ጥናትም በዓመት ሁለቴ በተሰጠ ሕክምና ጀርሙ ወደ መጥፋት ተቃርቦ፣ ሕክምናው ሲቆም ቀስ እያለ ተመለሰ። በአማራ ክልልም ከዓመታት ዘመቻ በኋላ ከአራት ሕፃናት አንዱ ያህል ገና ምልክቱ ይታይበት ነበር። ለማጥፋት የተቀመጠው መስፈርት ከ5 በመቶ በታች ነው።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ቀድሞው ጥያቄ ተመለሱ፤ አውሮፓን ያዳናት ውኃና ንጽሕና ከሆነ ለምን እሱን አንፈትሽም? በዋግ ኽምራ 40 ስፍራዎች ተመረጡ። በግማሾቹ የውኃ ነጥብ ተሠራ፣ ቤት ለቤት የንጽሕና ትምህርት ተሰጠ፣ ሳሙና ተከፋፈለ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሕፃናቱ ዓይን ላይ ያለው ጀርም በሁለቱም ወገን ልዩነት አላሳየም። ጥናቱ በ2022 ሲታተም ያነበቡ አንዳንዶች ውኃ ለትራኮማ አይረዳም ወደሚል ድምዳሜ አዘነበሉ። እኔ አልስማማም። የለንደን ልጅ ያገኘው ውኃ እቤቱ ውስጥ የሚፈስ፣ ሳይቆጠር የሚደፋ ነው፤ የዋግ እናት ያገኘችው ወደ ቤቷ የተጠጋ፣ ግን አሁንም በጀርባዋ የምታዝለው ጀሪካን ነው። ከዚያ ጀሪካን መጀመሪያ የሚቀዳው ለወጡና ለመጠጥ ነው፤ የልጅ ፊት ወረፋው ሩቅ ነው። ጥናቱ ያሳየው ጥቂት ውኃ በጥቂት ዓመት እንደማይበቃ ይመስለኛል። አውሮፓን የለወጠው ኑሮ ሙሉውን ነበር፤ እኛ ከዚያ ኑሮ አንድ ቁራጭ ቆርጠን ሞከርን።

ወረንጦውም ምርመራ አላመለጠውም። በአማራ ክልል ቀለል ያለ መቀልበስ ያለባቸው 1300 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ገሚሱ ጥራት ያለው አዲስ ወረንጦ ተሰጣቸውና ዓይኑ የሚያይ የቤት ሰው ነቀላ እንዲማርላቸው ተደረገ። በ2011 በታተመው ውጤት ፀጉሩ ዳግም የወጋቸው ከነቃዮቹ ብዙ ነበሩ፤ በእይታቸውና በብሌናቸው ጉዳት ግን ከሁለቱ ወገን ልዩነት አልተገኘም። ቀዶ ሕክምና የሚፈሩ፣ በአዝመራ ወቅት ቤት ጥለው መሄድ የማይችሉ እናቶች ዝም ብለው ሲያደርጉት የኖሩት ነገር፣ በጥሩ መሣሪያና በደህና እጅ ከሆነ፣ ከንቱ እንዳልነበረ ሳይንስ ዘግይቶ መሰከረላቸው።

2020 አለፈ፤ ቀጠሮው ወደ 2030 ተዛወረ። በ2002 በዓለም 1.5 ቢሊዮን ያህል ሰው ለትራኮማ በተጋለጠ አካባቢ ይኖር ነበር፤ አሁን ወደ 100 ሚሊዮን ወርዷል፤ ከግማሽ የማያንሰውም በኢትዮጵያ ነው። ጋና በ2018፣ ጋምቢያ በ2021፣ ማላዊ በ2022 መገላገላቸው ተረጋገጠ። እኛ ዘንድ ወረርሽኝና ጦርነት ዘመቻዎቹን አቆራርጠዋል፤ ክኒን በሚቋረጥበት ስፍራ ምን እንደሚከተል ከላይ አይተናል። የተቋረጠውን ከመቀጠል ባሻገር ሕፃናትን ለብቻ ደጋግሞ ማከም የሚለው የጎንቻው ትምህርት በክፉኛ በተጠቁት ወረዳዎች እንደገና እየተሞከረ ነው፤ ከኒሞኮከሱ መላመድ ጋር እየተመዛዘነ መሄድ ይኖርበታል።

ሁሉም ቢሳካና የመጨረሻው ሕፃን በ2030 ከጀርሙ ቢጸዳ እንኳ፣ ዛሬ ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ ቆቧ ውስጥ ጠባሳ የጀመራት ልጅ ጠባሳዋ መኮማተሩን አያቆምም፤ ሽፋሽፍቷ የሚቀለበሰው ምናልባት በ2060 ገደማ ይሆናል። ያን ጊዜ የትራኮማ ፕሮግራም የሚባል አይኖር ይሆናል፤ እርዳታውም ወደ ሌላ ሄዷል። ቀዶ ሕክምናውን የሚያውቅ ነርስ ግን በአቅራቢያዋ ጤና ጣቢያ መኖር አለበት፤ ያን ነርስ የሚያሠለጥነው መምህር ደግሞ ገና ያልተወለደ ሊሆን ይችላል።