ልጅዎ ክሪኬት ሲጫወት፦ ጉዳትን መከላከልና አደጋን መለየት

ክሪኬት በእንግሊዝና በአውስትራሊያ በየትምህርት ቤቱና በየአካባቢው ክለብ የሚዘወተር የበጋ ስፖርት ነው። እዚያ የሚያድጉ ልጆች ከጓደኞቻቸው ጋር በቀላሉ ይለምዱታል። ኳስ ሲባል እግር ኳስን ብቻ እያወቁ ያደጉ ወላጆች ግን የትኛው ጉዳት ቀላል፣ የትኛው አደገኛ እንደሆነ ለመለየት ይቸገራሉ። ሕጉን ሁሉ ማወቅ አይጠበቅብዎትም። ሦስት ነገሮችን ቢያውቁ ግን ልጅዎን ከከባድ ጉዳት ለመጠበቅ ይረዳዎታል፦ በልክ የሆነ ሄልሜት፣ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ወዲያውኑ ከጨዋታ መውጣቱ፣ እና የወርዋሪ ልጅ የጀርባ ሕመም እንዳይናቅ።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

በክሪኬት ተጫዋቾች እንደ እግር ኳስ እርስ በርስ እምብዛም አይጋጩም። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከኳሱ እና አንድን እንቅስቃሴ ደጋግሞ ከመሥራት ነው። ኳሱ ውስጡ ቡሽ፣ ውጪው ቆዳ የሆነ ጠንካራ ኳስ ነው። የአዋቂ ወንዶች ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም፣ የልጆች ደግሞ ከ133 እስከ 144 ግራም ይመዝናል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ፈጣን የሚባሉ ወርዋሪዎች ኳሱን በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚልኩት፣ 20 ሜትር ያህል ርቆ የቆመው መቺ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ብቻ ይፈጅበታል።

ትንንሽ ልጆች የሚጀምሩት በለስላሳ ኳስ ነው። ልጅዎ ወደ ጠንካራው ኳስ የሚሸጋገረው መቼ እንደሆነ አሠልጣኙን ይጠይቁ። ሙሉ ትጥቅ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያስፈልገዋል።

ምን ዓይነት መከላከያ ያስፈልጋል?

• ሄልሜት፦ በእንግሊዝ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች በጠንካራ ኳስ ሲመታ፣ ወይም ከዊኬቱ ጀርባ ተጠግቶ ኳስ ሲይዝ፣ ፊትን የሚከልል ብረት ያለው ሄልሜት ማድረግ አለበት። ሄልሜቱ ከቅንድብ በላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ ራስ ሲነቀነቅ አለመንቀሳቀስ፣ በብረቱና በግንባሩ መካከል ባለው ክፍተትም ኳስ አለማሳለፍ ይገባዋል። «ሲያድግ ይሆነዋል» ብለው ሰፊ አይግዙ። ኃይለኛ ምት ያረፈበት ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይበትም ይለወጥ።
• የአንገት መከላከያ፦ እ.ኤ.አ. በ2014 አውስትራሊያዊው ፊሊፕ ሂዩዝ ሄልሜት አድርጎ ሳለ ኳስ አንገቱን መትቶት ከሁለት ቀን በኋላ ሕይወቱ አልፏል። ከሄልሜቱ ጀርባ የሚገጠመው መከላከያ ይህን ቦታ ይሸፍናል።
• ጓንት፣ የእግርና የጭን መከላከያ፣ ለወንዶች የብልት መከላከያ፦ እነዚህ ለልምምድም ያስፈልጋሉ።
• ርቀት፦ በእንግሊዝ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ኳስ ለመያዝ ሲቆሙ ከመቺው ዊኬት ቢያንስ 10 ሜትር፣ ከ15 ዓመት በታች ያሉት ደግሞ 7.3 ሜትር መራቅ አለባቸው።

ጭንቅላቱ ከተመታ

ኮንከሽን የሚባለው የአንጎል መናወጥ ልጁ ራሱን ሳይስትም ሊከሰት ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት፣ ብርሃን መጥላት፣ ወይም «ከራሴ ጋር አይደለሁም» የሚል ስሜት ምልክቶቹ ናቸው። አንዳንዶቹ ከሰዓታት በኋላ ሊመጡ ይችላሉ።

ብዙ ልጆች ከቡድኑ ላለመውጣት ሲሉ «ደኅና ነኝ» ይላሉ። ስለዚህ ውሳኔውን ለልጁ አይተዉት። ኮንከሽን ከተጠረጠረ ልጁ በዚያው ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስ፣ ብቻውንም አይተው። በእንግሊዝ ለአማተር ስፖርት የወጣው መመሪያ ቢያንስ 21 ቀን ሳይሞላ ወደ ውድድር እንዳይመለስ ይላል።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው እንቅልፍ መተኛት የለበትም የሚል እምነት አለ። ልጁ የአደጋ ምልክት ካላሳየ መተኛት ይችላል። ነገር ግን በመጀመሪያው ሌሊት በቅርብ ይከታተሉት፣ በቀላሉ መንቃቱንም ያረጋግጡ።

የወርዋሪ ልጅ የጀርባ ሕመም

በፍጥነት የሚወረውር ልጅ በእያንዳንዱ ውርወራ ታችኛው ጀርባው ወደ ኋላና ወደ ጎን ይጎብጣል፣ ይጠመዘዛልም። በማደግ ላይ ያለ አጥንት ይህ ሲደጋገምበት ቀስ በቀስ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከሚወረውርበት እጅ በተቃራኒው በኩል ይሰማል፤ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ይብሳል፣ ሲያርፍ ይቀንሳል። ቀድሞ ከታወቀ በእረፍት ይድናል፤ እረፍቱ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል። በማስታገሻ እየታፈነ ከቀጠለ አጥንቱ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። መጀመሪያ ላይ ኤክስሬይ ምንም ላያሳይ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ኤምአርአይ ሊያዝ ይችላል።

ክለቦች አንድ ልጅ በቀን ስንት ጊዜ መወርወር እንደሚችል በዕድሜ ይወስናሉ። ሆኖም ልጁ ለትምህርት ቤትም ለክለብም የሚጫወት ከሆነ እያንዳንዱ አሠልጣኝ የሚቆጥረው የራሱን ብቻ ነው። ድምሩን የሚያውቀው ወላጅ ስለሆነ፣ በሳምንት ምን ያህል እንደወረወረ ይመዝግቡ፤ ለሁለቱም አሠልጣኞች ያሳዩ።

ጣት፣ ቁርጭምጭሚትና ጡንቻ

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያሳርፉት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ እስከ 20 ደቂቃ ይያዙበት፣ በፋሻ ጠቅልለው ከፍ ያድርጉት። በእነዚህ ቀናት በሙቅ ነገር ማሸት እብጠቱን ያብሳል።

የወለቀ ወይም የጎበጠ ጣት በቤት ውስጥ አይሳብ፣ ወደ ወጌሻም አይወሰድ፤ አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ኤክስሬይ ያስፈልጋል። ኳስ ሲይዝ ተመትቶ የጣቱ ጫፍ ተንጠልጥሎ ከቀረና ማቃናት ካልቻለ ጅማቱ ተበጥሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ ጣት ቀጥ ብሎ ለ6 እስከ 8 ሳምንታት መታሰር ስለሚኖርበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐኪም ይየው።

በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ መወሰድ ያለበት መቼ ነው?

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ በእንግሊዝ 999፣ በአውስትራሊያ 000 ይደውሉ፦

• ራስን መሳት፣ መንቀጥቀጥ ወይም ለመንቃት መቸገር
• ተደጋጋሚ ማስታወክ ወይም እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት
• ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ የሚወጣ ንጹሕ ፈሳሽ
• የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የንግግር መንተባተብ
• ከምት በኋላ የአንገት ሕመም፦ ልጁን አያንቀሳቅሱት፣ መተንፈስ ካልተቸገረ በስተቀር ሄልሜቱንም አያውልቁ

ዓይኑን ከተመታና እይታው ከደበዘዘ ወይም በዓይኑ ውስጥ ደም ከታየ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። የወንድ ልጅ ቆለጥ ተመትቶ ሕመሙ ከአንድ ሰዓት በኋላም ካልቀነሰ ወይም ካበጠም እንዲሁ ያድርጉ።

በቋንቋው ምክንያት ወደ ሐኪም ከመሄድ አይዘግዩ። በሁለቱም አገሮች በመንግሥት ሆስፒታሎች የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብልዎ በነጻ መጠየቅ ይችላሉ።