ልዩነት መቼ ቤተ እምነት ይሆናል? የጣና ዙሪያ የሃይማኖት ክርክርና የክህነት ሹመት

ክርስትና ለምን በብዙ ቤተ እምነት ተከፈለ ተብሎ ሲጠየቅ አዘውትሮ የሚሰጠው መልስ «መጽሐፍ ቅዱስን በየራሳቸው ስለተረጎሙት» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጥያቄውን አይጨርሰውም። አንድን ጥቅስ በሁለት መንገድ የተረጎሙ ሊቃውንት በአንድ ቤተ መቅደስ ቀድሰው፣ ከአንድ ጽዋ ተቀብለው የኖሩበት ዘመን ብዙ ነው። በሃይማኖት ትምህርት አንዲት ቃል ሳይለያዩ ተወጋግዘው ለየብቻ የቀደሱ አባቶችንም የእኛ ትውልድ አይቷል። ስለዚህ ሰዎች በሐሳብ ለምን ተለያዩ ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ሌላ መጠየቅ አለበት፤ የሐሳብ ልዩነቱ ራሱን የቻለ ቤተ እምነት የሚሆነው ምን ሲጨመርበት ነው? ይህ መጣጥፍ ጥያቄውን በጣና ሐይቅ ዙሪያ ታሪክ ይመረምራል። የሚከራከርለትም ሐሳብ አንድ ልዩነት ቤተ እምነት የሚሆነው የራሱን ካህናት የሚሾምለት እጅ ሲያገኝ ነው የሚል ነው። ዓመታቱ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የጣና ዳርቻ ለዚህ ምርመራ የተመቸ ስፍራ ነው። በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ግቢ የሚታየው ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ ከስፔናዊው ሚሲዮናዊ ከፔድሮ ፓኤዝ ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። በሐይቁ ሰሜናዊ ዳር ያለችው ጎርጎራ የኢየሱሳውያን ማኅበር ዋና መቀመጫ ነበረች። በመካከል ባሉት ደሴቶችና በዘጌ ደግሞ እነዚህን ሚሲዮናውያን አንቀበልም ያሉ መነኮሳትና መነኮሳይያት ተጠልለዋል። ተከራካሪዎቹ በታንኳ በሚደረስ ርቀት ላይ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ፓኤዝ በ1603 ኢትዮጵያ ገብቶ ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ ከሊቃውንቱ ጋርም በቤተ መንግሥት ተከራከረ። ክርክሩ ክርስቶስ ከተዋሕዶ በኋላ አንድ ባሕርይ ነው ወይስ ሁለት የሚለው የኬልቄዶን ጥያቄ ነበር። ደም ማፋሰሱም ቶሎ ጀመረ፤ በ1617 ከእስክንድርያ የመጡት ጳጳስ አቡነ ስምዖን በዐፄ ሱስንዮስ ላይ ካመፀው ከዮልዮስ ጋር ሆነው በጦር ሜዳ ተገደሉ። ያም ሆኖ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን ከገለጹ በኋላ እንኳ በገጠሩ ቤተ ክርስቲያን የሚቀድሰው ያው የቀድሞው ቄስ ነበር። ነገሩን የለወጠው በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ነው። ንጉሡና መኳንንቱ በ1626 በደንቀዝ ለሮም ፓፓ ታማኝነታቸውን በመሐላ ካረጋገጡ በኋላ ሜንዴዝ የኢትዮጵያውያንን ክህነት አጠራጣሪ አድርጎ ቆጠረው። ካህናት እንደገና እንዲሾሙ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደገና እንዲባረኩ ታዘዘ፤ የቅዳሜ ሰንበትና ግዝረትም ተከለከሉ። ስለ ባሕርይ የሚደረገውን ክርክር የማይከታተል ገበሬ ይህ ትእዛዝ ምን እንደሚል ወዲያው ገባው። ልጁን ያጠመቀለት፣ አባቱን የፈታለት ቄስ ቄስ አልነበረም መባሉ ነውና። ከላስታ እስከ ጎጃም የተነሣው ዐመፅ ሱስንዮስን በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እንዲተዉ አስገደዳቸው።

የተቃውሞውን ውስጣዊ ሕይወት ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው በ1672 የተጻፈው የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገድል ነው። ባለቤቷ መልክዐ ክርስቶስ ከሱስንዮስ ባለሟሎች አንዱ ነበር። እሷ ግን አቡነ ስምዖን ከተገደሉ በኋላ ጥላው ወጣች፤ መነኮሰች፤ በንጉሡ ፊት ቆማ እምነቷን አልለውጥም አለች፤ ወደ ዠበይ ተጋዘች። ከግዞት ተመልሳ በ1642 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ በጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች የሚኖሩ ማኅበራትን መራች። ገድሏ ሰባት ማኅበራትን ይቆጥራል፤ በስሟ የተመሠረተው የቁራጣ ገዳምም በምሥራቁ ዳር እስከ ዛሬ አለ። በእኔ አስተያየት የአገራችን የሃይማኖት ታሪክ ጸሐፊዎች የዚህችን ሴት ሥራ በሚገባው ልክ ገና አልመዘኑትም። ሰው መሰብሰብ፣ ማስተማር፣ ማስተዳደርና በረሃብም በበሽታም ማኅበርን ማቆየት ችላ ነበር። ካህን መሾም ግን አትችልም፤ ከአቡነ ስምዖን ሞት በኋላ በተቃዋሚዎቹ ወገን የሚሾም ጳጳስም አልነበረም። ማኅበራቱ የቆዩት ቀድሞ በተሾሙ ካህናት ነበር። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር ሲያስወጡ ከእስክንድርያ አዲስ አቡን ማስመጣታቸውም ለዚህ ነው። ያ ባይሆንና ዘመኑ ቢረዝም ኖሮ ካህናቱ አንድ በአንድ ባለቁ ነበር።

ይህ ግምት ባዶ አይደለም፤ በሩሲያ በእውን ደርሷል። የፓትርያርክ ኒኮንን የሥርዓት ለውጥ አንቀበልም ያሉት «የቀድሞው ሥርዓት አማኞች» ከ1666–67 ጉባኤ ውግዘት በኋላ ጳጳስ አልነበራቸውም። የድሮዎቹ ካህናት ሲያልቁ ከፊሎቹ ያለ ካህን ለመኖር ወሰኑና በየጊዜው ወደ ትንንሽ ቡድን ተከፋፈሉ። ከፊሎቹ ከሌላው ወገን የሚኮበልሉ ካህናትን እየተቀበሉ ቆይተው በ1846 አምብሮስዮስ የሚባል ጳጳስ ሲያገኙ የራሳቸውን የጵጵስና መዋቅር አቆሙ።

ወደ ጣና ስንመለስ፣ ኢየሱሳውያኑ ሄዱ እንጂ ያነሡት ጥያቄ አልሄደም። በሐዋርያት ሥራ 10፥38 እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደቀባው ተጽፏል። ወልድ አምላክ ከሆነ መቀባት ለምን አስፈለገው? የጎጃም ሊቃውንት፣ በተለይ የኤዎስጣቴዎስን ሥርዓት የሚከተሉት ገዳማት፣ ሥጋ የባሕርይ ልጅነትን ያገኘው በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ነው አሉ፤ ስማቸውም «ቅባት» ተባለ። ሌሎቹ ሥጋ የከበረው በተዋሕዶ ነው፣ ቅባቱም ራሱ ወልድ ነው ሲሉ «ወልድ ቅብዕ» የሚለውን ቃል መለያቸው አደረጉ፤ ተቃዋሚዎቻቸው «ካራ» አሏቸው። በደብረ ሊባኖስ ቤት የጎለመሰው ሦስተኛው ወገን በሥጋው የጸጋ ልጅ ሆነ፣ ልደቱም ሦስት ነው አለ፤ «ጸጋ» ወይም «ሦስት ልደት» የሚባለው ነው። ሦስቱም ኬልቄዶንን ያወግዛሉ፤ የአንዱ ወገን ሊቅ ሌላውን ግን መናፍቅ ይለዋል። ቅባት በጎጃም፣ ጸጋ በሸዋና በበጌምድር፣ ካራ በትግራይ ሥር ሰደዱ። የጎንደር ነገሥታት ጉባኤ እየጠሩ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው አዋጅ አስነገሩ። እነዚህን ክርክሮች በተደጋጋሚ የሰሙት ቀዳማዊ ኢያሱ በዙፋን ሽኩቻ በ1706 በጣና ሐይቅ ተገድለው በምጽራሃ ደሴት ተቀበሩ። በሣልሳዊ ዳዊት ዘመን (1716–1721) የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ጎንደር ላይ በንጉሡ ወታደሮች ታረዱ።

እንግዲህ የቤተ እምነት መከፈል ምክንያት ተብሎ የሚዘረዘረው ሁሉ እዚህ ነበረ፤ የትርጓሜ ልዩነት፣ የአውራጃ ፉክክር፣ የገዳማት ቤት ኩራት፣ የንጉሥ ጣልቃ ገብነት፣ የፈሰሰ ደም። ከሁለት መቶ ዓመት በላይም ዘለቀ። ሆኖም ቅባት የራሱ ጳጳሳት ያሉት ቤተ ክርስቲያን አልሆነም፤ ጸጋም አልሆነም። ምክንያቱን የማየው በአቡኑ መንበር ነው። ፍትሐ ነገሥት በኒቅያ ጉባኤ ስም፣ በኋላ ዘመን በተጨመረ ቀኖና፣ ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ጳጳስ እንዳይሾሙ ይከለክላል። የጎጃሙም፣ የሸዋውም፣ የትግራዩም ዲያቆን ክህነት የሚቀበለው ከእስክንድርያ ከመጣው ከዚያው ከአንዱ ግብጻዊ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ወገን የሚታገለው አቡኑንና ንጉሡን ወደ ራሱ ለመሳብ ነበር፤ ለብቻው የሚወጣበት በር አልነበረውም። ይህ የእስክንድርያ ጥገኝነት ለአገሪቱ ክብር እንደ ትልቅ ጉዳት ሲነገር ኖሯል፤ ጉዳትም ነበር። ግን ማንም ሳያቅደው አንድነትን ጠብቋል።

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ይህን የተረዱ ይመስላል። በግንቦት 1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ ከእስክንድርያ ፓትርያርክ የመጣውን ደብዳቤ ይዘው የሦስት ልደትን ትምህርት አስወገዙ። በኃይል የተፈጸመ ነበር፤ ተከራካሪዎች ምላሳቸው እንደተቆረጠ ይነገራል፤ የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትናን እንዲቀበሉ ተገደዱ። ይህን የግፍ ገጽታውን አለባብሶ ማለፍ አይገባም። አዋጁ ልብን እንዳልለወጠም የቅባት ጉዳይ በምሥራቅ ጎጃም እስከ ዛሬ መነሣቱ ይመሰክራል። ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን የድርጊቱ ቅደም ተከተል ነው። ዮሐንስ በአንድ አቡን ፈንታ አራት ጳጳሳትን፣ ጴጥሮስን፣ ማቴዎስን፣ ሉቃስንና ማርቆስን፣ ያስመጡት ከዚያ በኋላ በ1881 ነው። አቡነ ሉቃስ ወደ ጎጃም፣ አቡነ ማቴዎስ ወደ ሸዋ ሄዱ። ሁለቱ አውራጃዎች የቅባትና የጸጋ ምሽጎች ነበሩ። ጳጳሳቱ ከጉባኤው በፊት ደርሰው ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ትምህርት ከጎኑ የሚሾም እጅ ባገኘ ነበር።

በሌላው ዓለም ያለው ማስረጃም ወደዚሁ ያዘነብላል። በ451 በኬልቄዶን የተፈጠረው ልዩነት ወዲያው ሁለት ቤተ ክርስቲያን አላደረገም፤ በሶርያ ምድር የተለየው መዋቅር የጸናው ከ540ዎቹ ጀምሮ ያዕቆብ አልበረዲ በንግሥት ቴዎዶራ ድጋፍ እየዞረ ካህናትና ጳጳሳት ከሾመ በኋላ ነው። ሜቶዲስቶች ለአሠርት ዓመታት በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሉ ማኅበር ነበሩ፤ በ1784 ጆን ዌስሊ ለአሜሪካ ራሱ ሾሞ ሲልክ በዚያው ዓመት መጨረሻ የተለየ ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተ። ከሉተር ወዲህ ያለው የፕሮቴስታንት ወገን በብዛት የተከፈለውም አማኝ ሁሉ ካህን ነው በሚለው ትምህርቱ የተነሣ ለሹመት የሐዋርያትን ሐረግ የያዘ ጳጳስ ማስፈለጉ ስለቀረ ነው። የሚሾም እጅ በየጉባኤው አለና።

የሹመት እጅ ማግኘት ከመለያየት በተቃራኒ ለእርቅም መንገድ ሊሆን ይችላል። የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት በቅዳሜ ሰንበት ምክንያት ከአቡኑ ተለይተው ከእርሱ ክህነት ሳይቀበሉ ረጅም ዘመን ኖረዋል። በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሰንበታቸውን አጸደቁላቸው፤ እነሱም ከአቡነ ሚካኤልና ከአቡነ ገብርኤል እጅ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። ከትምህርቱ አንዱ፣ ከሹመቱ ሌላው ተሰጠና ነገሩ አለቀ። 

1951 ዓ.ም. በዚህ ታሪክ ልዩ ዓመት ነው። በጥር የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተመሠረተች፤ በሰኔ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ከዚያ ወዲህ ጳጳስ መሾም በኢትዮጵያውያን እጅ ነው፤ ሊያኮራን የሚገባ ነገር ነው። ነገር ግን የጎንደር ዘመን ተከራካሪዎች ያልነበራቸው በር ተከፈተ። በ1984 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ከተነሡና ከተሰደዱ በኋላ የተፈጠረው ክፍፍል የሃይማኖት ትምህርት ልዩነት አልነበረበትም፤ በ1999 ዓ.ም. በስደት የነበረው ሲኖዶስ የራሱን ጳጳሳት ሲሾም ግን ቁስሉ ጠለቀ፤ እርቁ እስከ 2010 ዓ.ም. ዘገየ። በጥር 2015 ዓ.ም. በወሊሶ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ በአክሱም ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ የተፈጸሙት የጳጳሳት ሹመቶችም የተነሡት ከቋንቋ፣ ከአስተዳደርና ከጦርነት ቁስል ነው። አንዳቸውም ስለ ባሕርይ ወይም ስለ ልደት አልተከራከሩም።

የሚቀርቡት ቅሬታዎች እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብዙዎቹም ናቸው። በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ይቀደስልኝ የሚል ምእመን፣ በጦርነት ጊዜ ዝም ተባልኩ የሚል ሀገረ ስብከት መልስ ይገባዋል። ስለዚህ ለአባቶች የማቀርበው ልመና አንድ ነው፤ ቅሬታው በጉባኤ ተሰምቶ እስኪያልቅ ድረስ አንዱም ወገን ጳጳስ አይሹም፤ ጉባኤውም ሹመት እስኪፈጸም ሳይጠብቅ ይጠራ።